«ሰማንያ ፐርሰንት ደርሷል»፦ ፕሮጀክት ማናጀሮችን ኧርንድ ቫልዩ እንዴት እናሠልጥን?

«ሥራው ስንት ደረሰ?» ሲባል «ሰማንያ ፐርሰንት» የሚል መልስ ያልሰማ አለቃ ያለ አይመስለኝም። በወሩ ሲጠይቅ ሰማንያ አምስት፣ በሦስተኛው ወር ሰማንያ ስምንት ይባላል። ገንዘቡ ግን ካለቀ ቆይቷል።

ኧርንድ ቫልዩ ማኔጅመንት የተሠራውን ሥራ በበጀት ዋጋው ለክቶ ከዕቅዱና ከወጪው ጋር በማነጻጸር ይህን ጨዋታ ለማስቆም የሚያገለግል ዘዴ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1967 ለትልልቅ የጦር መሣሪያ ኮንትራቶች 35 መስፈርት አድርጎ አወጣው፤ ዛሬ ለመንገድም፣ ለሕንፃም፣ ለሶፍትዌርም ይውላል። ስሌቱ ማካፈልና መቀነስ ለሚችል ሰው የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። ብዙ ሥልጠና የሚባክነው ቀመሩ ላይ ሦስት ቀን ስለሚፈጅ ነው፤ ማናጀሩ ሰርተፍኬቱን ይዞ ይወጣና ሳይት ሲደርስ ያው «ሰማንያ» ይላል። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ ማናጀሮቹን ብቻ አትጥሩ

የሂሳብ ሠራተኛውና የስቶር ኪፐሩ ያልተቀመጡበት ሥልጠና ግማሹ ጎድሏል። ሂሳብ ክፍል ወጪን «ሲሚንቶ»፣ «ነዳጅ»፣ «ደመወዝ» እያለ ይመዘግባል። ማናጀሩ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ለሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ (ለኮንክሪት ወለሉ) ስንት እንደወጣ ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ የሥራ ኮድ ላይ እስካልተስማሙ ድረስ የሚሰላ ነገር የለም።

ሁለተኛ፦ በአጥር ጀምሩ

ቦርዱ ላይ አንድ አጥር ሣሉ። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ በጀቱ 1,000,000 ብር፣ ጊዜው አራት ሳምንት፣ በየሳምንቱ 25 ሜትር። ቁጥሩ ለማስላት እንዲመች የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ የተሠራው 40 ሜትር፣ የወጣው 520,000 ብር ነው።

አሁን ሦስት ነገር አስጽፉ። እስካሁን ይሠራል ተብሎ የታቀደው ሥራ ዋጋ 500,000 ብር ነው፤ ይህ ፒቪ ይባላል። በእርግጥ የተሠራው ሥራ በበጀት ዋጋው ሲሰላ 400,000 ብር ነው፤ ኢቪ የሚባለው ይህ ነው። የወጣው 520,000 ብር ደግሞ ኤሲ ነው።

በጀትና ወጪ ብቻ የሚያይ ሰው «500 ታቅዶ 520 ወጣ፣ ምን አላት» ብሎ ያልፋል። መሃል ያለችው 400 ናት ጉዱን የምታወጣው። ኢቪን ለኤሲ ስናካፍል 0.77 ይመጣል፤ ሲፒአይ ይሉታል። የወጣ አንድ ብር የ77 ሳንቲም ሥራ ብቻ ሠርቷል ማለት ነው። በዚሁ ከቀጠለ አጥሩ የሚያልቀው በ1,300,000 ብር ነው።

«በቀረው ጊዜ እናካክሳለን» የሚል አይጠፋም። እሱኑ ወደ ቦርዱ ጥሩት። የቀረው ሥራ 600,000፣ የቀረው በጀት 480,000 ነው፤ ሲካፈል 1.25። እስከ ዛሬ በአንድ ብር 77 ሳንቲም ሲሠራ የነበረ ቡድን ከነገ ጀምሮ 1.25 መሥራት አለበት። ምን ለውጦ? መልስ ካለው ጥሩ፤ ከሌለው የክፍሉ ዝምታ ይበቃል።

ኢቪን ለፒቪ የማካፈሉን፣ ማለትም ኤስፒአይን፣ ስታስተምሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አትርሱ፦ ፕሮጀክቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢያልቅ እንኳ መጨረሻ ላይ ይህ ቁጥር 1 ይሆናል፤ ሁሉም ሥራ ተሠርቷልና። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ወራት የጊዜውን ጉዳይ ከዋናው የሥራ መርሐ ግብር ላይ ማየት ግድ ነው።

ሦስተኛ፦ ሳይት ውሰዷቸው

ዋናው ትምህርት እዚህ ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል። በመሠራት ላይ ያለ አንድ ፎቅ አሳዩና እያንዳንዱ ሰው ሳይመካከር ፐርሰንቱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ አጥፎ ይስጥ። አንድ ጊዜ ወረቀቶቹን ስንከፍት ዝቅተኛው 45፣ ከፍተኛው 80 ሆኖ አገኘነው። ሁሉም መሐንዲሶች ናቸው፣ ያዩት ደግሞ አንድ ፎቅ ነው። 80 ያለው ፌሮው ታስሮ ማለቁን አይቶ ነው። 45 ያለው «ኮንክሪት ያልተሞላ ሶሌታ ለእኔ ገና ነው» አለ። ክርክሩን አታቋርጡት፤ ሻይ ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ።

ክርክሩ ሲበርድ ደንብ አስወጡ። ከሁለት ሳምንት በታች ለሚያልቅ ሥራ፦ ካላለቀ ዜሮ፣ ካለቀ መቶ። ረዘም ላለው በደረጃ፤ ለሶሌታው ለምሳሌ ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ተሠርቶ በአማካሪው መሐንዲስ ሲፈተሽ 30፣ ፌሮ ታስሮ ሲፈተሽ 70፣ ኮንክሪት ሲሞላ 100። እንደ ብሎኬትና ልስን ያለው በካሬ ሜትር ይለካል፣ ግምት አያስፈልገውም። ደንቡ ሥራው ሳይጀመር ተጽፎ መፈረም አለበት። ከተጀመረ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለማን እንደሚያደላ ሁላችንም እናውቃለን።

እግረ መንገዳችንን፦ የክፍያ ሰርተፍኬትን (ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበትን ሰነድ) እንደ ኢቪ አድርጎ የሚያቀርብ ተቋራጭ ብዙ ነው። ሰርተፍኬት የሚሰላው በውል ዋጋ፣ ትርፍም ተጨምሮበት ነው፤ ሳይት የደረሰ ዕቃም ሊካተትበት ይችላል። የተቋራጩ ኢቪ ግን በራሱ የወጪ በጀት መሰላት አለበት፤ አለበለዚያ ትርፉ ኪሳራውን ይሸፍንለታል።

አራተኛ፦ የወጪውን ቀን ከሥራው ቀን ጋር አገናኙ

አሁን ተራው የሂሳብ ሠራተኛውና የስቶር ኪፐሩ ነው። 400 ኩንታል ሲሚንቶ ተገዝቶ 150ው ብቻ ከስቶር ለሥራ ከወጣ፣ በዚህ ወር ኤሲ ላይ የሚገባው የ150ው ዋጋ ነው። ማስረጃው የስቶር ወጪ ሰነድ ነው፣ በመንግሥት ቤት ሞዴል 22 የሚባለው። በተቃራኒው የአናጢዎቹ ሥራ አልቆ ክፍያቸው ለሚቀጥለው ወር ከዞረ፣ ገንዘቡ ባይወጣም ወጪው የዚህ ወር ነው። ይህን ያልለየ ሪፖርት አንድ ወር ኪሳራ፣ በቀጣዩ ወር ትርፍ እያሳየ ሁሉን ያደናግራል።

አምስተኛ፦ መነሻ ዕቅዱን በሐቅ አስወጡ

አጥሩ በየሳምንቱ 25 ሜትር ብለን ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ቢሆንስ? አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረት ቁፋሮን በክረምትም እንደ ጥር የሚያስኬድ ዕቅድ ገና ሳይጀመር ዘግይቷል። ሠልጣኞቹ የራሳቸውን ዕቅድ አምጥተው በዝናቡ፣ በበዓላቱ፣ ቀን ሠራተኛው ለአጨዳ አገር ቤት በሚገባበት ሰሞን እየለዩ ይከልሱት። ከጸደቀ በኋላ የሚነካው የሥራ መጠን በጽሑፍ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ብቻ ነው። ሲሚንቶ ተወደደ ተብሎ አይነካም፤ ውድነቱ ሲፒአዩ ላይ ይታይ።

ስድስተኛ፦ ለአለቆች አንድ ሰዓት

ለዚህኛው ኤ-12 የተባለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር አውሮፕላን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ወጪው ከልክ እንደሚያልፍ የኧርንድ ቫልዩ ቁጥሮቹ ሲያሳዩ ቆይተው ነበር፤ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት ግን ተስፋ የተቀባ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዲክ ቼኒ ፕሮጀክቱን ሰረዙት።

ከዚያ የመጀመሪያውን ወር ሪፖርት አብረን እንለማመዳለን። ማናጀር የሚሆን ሰው ሲፒአይ 0.8 ይዞ ይገባል፣ ሥራ አስኪያጁ ይቀበለዋል። ሥራ አስኪያጁ ከጮኸ እንደገና እናስጀምረዋለን፤ የተጮኸበት ማናጀር በወሩ 0.98 ጽፎ ይመጣላ። «የትኛው ሥራ ላይ ነው የጎደለው? ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?» እስኪል ድረስ ይደጋገማል። አንድ ሥራ አስኪያጅ አራት ጊዜ ፈጅቶበታል።

ይህችን ሰዓት ከማናጀሮቹ ሥልጠና በፊት አድርጓት።