ከዕዳ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ከገባችሁ፦ የቤት ወጪ ቀንሶ ለሁለተኛ ጊዜ ከፍሎ መጨረስ

«ዕዳ ከሜዳ» ይባላል። የእኔ ግን ከሜዳ አልመጣም። በገዛ እጄ በሩን ከፍቼ ያስገባሁት ነው። ያውም ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያውን ከፍዬ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። የመጨረሻውን ክፍያ የፈጸምኩ ቀን ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩት። ከዓመት በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ያ ፎቶ ስልኬ ላይ ብቅ አለ። በዚያ ሰዓት ከድሮው የበለጠ ዕዳ ነበረብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሼም ይዞኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ አንዴ ወጥቶ ተመልሶ ለገባ ሰው ነው። ወጪ እንዴት እንደሚቀነስ ታውቃላችሁ፤ አድርጋችሁታል። ያልገባን ነገር ለምን እንዳልዘለቀ ነው። ስለዚህ የምጀምረው ከዚያ ነው።

1. የተመለሳችሁበትን ቀዳዳ ፈልጉ

የባንክ ስቴትመንታችሁን አውጡ። ከተቻለ በወረቀት ይታተም፤ ስልክ ላይ ሲያዩት ጣት ቶሎ ቶሎ ያሳልፈዋል። ዕዳው ካለቀበት ቀን ጀምራችሁ መስመር በመስመር ወደ ታች ውረዱ። እንደገና የተበደራችሁበትን የመጀመሪያ ቀን ስታገኙ አክብቡበት።

የእኔ ክብ ያረፈው ፍሪጅ ላይ ነው። ፍሪጁ ተበላሸ። ከማስጠገን አዲስ መግዛት ይሻላል ተባለ። እጄ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ያለኝን ሁሉ ለዕዳው ስከፍል ቆይቼ መጠባበቂያ የሚባል ነገር አላስቀመጥኩም። በክሬዲት ካርድ ገዛሁት። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድብኝም። የሚያሳፍረው ከሱ በታች ያለው መስመር ነው። በዚያው ሳምንት ጫማ። በሚቀጥለው ሳምንት የምሳ ግብዣ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ። ፍሪጁ ግድ ነበር። ጫማው ግን «እንግዲህ አንዴ ተበላሽቷል» ነው።

ይህ ጠባይ የእኔ ብቻ አይደለም። ፒተር ኸርማንና ዴቦራ ማክ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት፣ ዳየት ላይ ያሉ ሰዎች ቀድመው ሚልክሼክ ሲሰጣቸው፣ ሚልክሼክ ካልጠጡት ዳየተኞች ይልቅ ብዙ አይስክሬም በሉ። ሆዳቸው ሞልቶ መቀነስ ሲገባቸው ጨመሩ። ቀኑ አንዴ ተበላሽቷላ! በገንዘብም ያው ነው። ስደምረው ከፍሪጁ በኋላ የገዛኋቸው ነገሮች የፍሪጁን ሁለት እጥፍ ነበሩ።

የእናንተ ቀዳዳ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዘመድ እምቢ ማለት አለመቻል፣ የገቢ መቋረጥ፣ ሕመም፣ ወይም ከመጠን በላይ ጨክናችሁ ራሳችሁን ስትነፍጉ ቆይታችሁ አንድ ቀን መፈንዳት። ብቻ ስሙን አውቃችሁ ጻፉት። ቀዳዳው ውርርድ፣ መጠጥ ወይም ሌላ ሱስ ከሆነ ግን በጀት ብቻውን አይደፍነውም። ቅድሚያ ለሱሱ እርዳታ ፈልጉ፤ እስከዚያው ደሞዛችሁን የሚይዝና ክፍያዎቹን የሚፈጽም የምታምኑት ሰው ይኑር።

2. ለቤቱ ሰው ንገሩ

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ባለቤቴ አንዱን አንስታ አየችው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ታዲያ ባለፈው ወር ሶፋ እንቀይር ስልህ ለምን እሺ አልከኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ዕዳ ስትደብቁ የቤቱ ሰው በሌለ ገንዘብ ማቀዱን ይቀጥላል፤ እናንተ በአንድ በኩል ስትቆጥቡ በሌላ በኩል ይወጣል። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነም ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ወዳጅ ይኑራችሁ። ገንዘብ እንዲሰጣችሁ ሳይሆን በወር አንዴ «ስንት ደረሰ?» ብሎ እንዲጠይቃችሁ።

3. ዕዳውን በአንድ ገጽ ጻፉት

ለእያንዳንዱ ዕዳ አምስት ነገር ይጻፍ፦ ለማን እንደሆነ፣ ስንት እንደቀረ፣ በዓመት ስንት በመቶ ወለድ እንዳለው፣ በወር ቢያንስ ስንት መከፈል እንዳለበትና የመክፈያው ቀን። ከጓደኛ የተበደራችሁትም ይግባ። ወለድ የለውም ብላችሁ አትተዉት፤ ጓደኛ የሚያስከፍለው በሌላ መንገድ ነው።

ከዚያ ካልኩሌተር አውጡ። 10,000 ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ወለድ አለው እንበል፤ በወር 2 በመቶ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ 200 ነው። በወር 250 ብትከፍሉ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 50 ብቻ ነው። እንዲህ እየከፈላችሁ ለመጨረስ ወደ 6 ዓመት ከ10 ወር ይፈጃል፤ ወለዱ ብቻ ከ10,000 ይበልጣል። ምንም ካልከፈላችሁ ደግሞ፣ ቅጣት ሳይጨመርበት፣ በ35 ወር እጥፍ ይሆናል።

አሁን ክፍያውን 500 አድርጉት። በ26 ወር ያልቃል፤ ወለዱ ወደ 2,900 ይወርዳል። ከቤት ወጪ ሌላ 200 ቀንሳችሁ 700 ብታደርጉትስ? 17 ወር። ወለዱ ወደ 1,900። ያቺ 200 ዘጠኝ ወር ገዛች። እኔን እንዲህ ያለው ሒሳብ ከማንኛውም ምክር በላይ ያነቃኛል።

4. ከመቀነሳችሁ በፊት ትንሽ መጠባበቂያ

እዚህ ላይ ሒሳብ አዋቂዎች ይቃወሙኛል። ቁጠባ የሚያስገኘው ወለድ ዕዳ ከሚያስከፍለው ያንሳል፤ ስለዚህ ያለህን ሁሉ ለዕዳው ክፈል ይላሉ። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ልክ እንደዚያ አደረግኩ፤ ከዚያ ፍሪጁ ተበላሸ።

ስለዚህ ዝቅተኛ ክፍያዎቹን ሳታቋርጡ፣ ባለፈው ጊዜ የጣላችሁን ነገር ለመሸፈን የሚበቃ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ። ከዚያ አይበልጥ። ትልቁን ቁጠባ ዕዳው ሲያልቅ ትደርሱበታላችሁ። በዓመት አንዴ የሚመጡትንም አትርሷቸው፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ የበዓል ወጪ። ደምሩና ለ12 አካፍሉ፤ የሚመጣውን በየወሩ ለብቻው አስቀምጡ። እነዚህን «ያልታሰበ ወጪ» የምንላቸው በልማድ ነው እንጂ ቀናቸው የታወቀ ነው።

5. አንዴ ወስናችሁ የምትተዉትን አስቀድሙ

የወጪ ቅነሳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንድ ቀን ተወስኖ ከዚያ በኋላ ራሱ የሚቆጥብ ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ራስን መግዛት የሚጠይቅ። ያገረሸብን ሰዎች ያለቀብን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሦስት ባለቀለም እስክሪብቶ ያዙና የሦስት ወር ስቴትመንት ላይ አስምሩ። ቀዩ ካልተከፈለ ቤት የሚያስለቅቅ፣ መብራት የሚያስቆርጥ ወይም ከሥራ የሚያስቀር ወጪ ነው። ሰማያዊው የሚያስፈልግ፣ ግን መጠኑ የሚቀነስ ነው። አረንጓዴው ቢቀር ማንም የማይጎዳበት። ብዙ ሰው ወዲያው አረንጓዴው ላይ ይዘምታል። እኔ ግን ከቀዩ ጋር ቁጭ በሉ እላለሁ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። የቤት ኪራይ ይደራደራል ወይ? አንድ ክፍል ይከራያል ወይ? ሁለት መኪና ካለ አንዱ ቢሸጥ ምን ይጎድላል? መልሱ «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ቢሆን ግን የዓመት ቡና ከመተው ይበልጣል።

ቀጥሎ በየወሩ ሳይጠይቁ የሚቆርጡትን። የማይታይ የፊልም ሰብስክሪፕሽን፣ የማይሄዱበት ጂም፣ ነጻ ሙከራ ብሎ ገብቶ የቀረ አፕ። እኔ ቤት አራት ተገኘ። አንዱን ማን እንዳስገባው እስከዛሬ አልታወቀም። የስልክና የኢንተርኔት ጥቅላችሁንም ከምትጠቀሙት ጋር አስተያዩት። መብራት ላይ ደግሞ አምፖል በማጥፋት አትድከሙ፤ ዋናው በላተኛ የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው ነው። የውሃ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይበራል ወይ? እሱን እዩ።

አስቤዛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየቀኑ የሚያፈሰው እሱ ነውና። ርካሽ ከመፈለጋችሁ በፊት የምትጥሉትን እወቁ። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፈን ለሁለት ሳምንት የተጣለውን ሁሉ ጻፍን። «ሰኞ፦ ቲማቲም፣ ከታች ሆኖ የሻገተ። ረቡዕ፦ ግማሽ ዳቦ። ዓርብ፦ ወተት፣ ሳይከፈት ያለፈበት።» ወተቱ ያለፈበት ከኋላው ሌላ ወተት ስለነበረ ነው። እኛ ቤት ሁለት ሰው ይገዛል፣ ማንም አያይም። ከዚያ ወዲህ ፍሪጁ ሳይታይ ለአስቤዛ አይወጣም። የሳምንቱ ገንዘብ በጥሬው ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው ሲያልቅ ያለው ይበላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ማብሰል የተማርነው ያኔ ነው።

አሁን አረንጓዴው። ሁሉንም አትሰርዙ! እያንዳንዱ አዋቂ በወር ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይኑረው፤ ምን አደረግክበት፣ ምን አደረግሽበት የሚል ጥያቄ የለም። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ማኪያቶ እንኳ ከልክዬ ነው የኖርኩት። ያ ርሃብ በኋላ ጫማ ሆኖ ወጣ። ሦስት ወር የሚቆይ 40 በመቶ ቅነሳ ከምትጀምሩ፣ ሁለት ዓመት የምትችሉትን 15 በመቶ ያዙ።

6. የተቆጠበው ዕዳው ጋ መድረስ አለበት

የቀነሳችሁት ገንዘብ ሒሳባችሁ ውስጥ ከዋለ ካደረ ሌላ ስም ያገኛል። ደሞዝ በገባ ቀን ለዕዳው የሚሄደው ራሱ እንዲተላለፍ በባንክ አፕ ወይም በባንኩ በኩል አስደርጉ። ቀን በቀን የተገኘ ነገርም ካለ፣ ለምሳሌ የተሸጠ ዕቃ ወይም ተጨማሪ ሥራ፣ በዚያው ቀን ይላክ። ትርፉን በወር መጨረሻ እልካለሁ የሚል ሰው፣ ራሴን ጨምሮ፣ ትርፍ አግኝቶ አያውቅም።

ብዙ ዕዳ ካለ የቱ ይቅደም? ለሁሉም ዝቅተኛውን እየከፈላችሁ ተጨማሪውን ወለዱ ከፍ ባለው ላይ ብታውሉ አጠቃላይ ወለዱ ያንሳል። ከትንሹ ዕዳ ብትጀምሩ ደግሞ ቶሎ አንድ ስም ይሰረዛል፤ ልብ ይሞላል። እኔ አደባለቅኩት፦ አንድ ትንሽ ዕዳ ለሞራል፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ውዱ ወለድ። አንዱ ሲያልቅ ለሱ ይከፈል የነበረው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀጣዩ ይዙር።

መክፈል የማትችሉበት ወር ከመጣ ቀኑ ከማለፉ በፊት አበዳሪውን አነጋግሩ። ቀኑን ማራዘም ወይም ክፍያውን ማሳነስ ብዙ ጊዜ የሚቻለው ቀድሞ ለመጣ ነው። ዕዳዎቹን በአንድ አዲስ ብድር እንጠቅልላቸው የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወለዱን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንና የአገልግሎት ክፍያውንም አስሉ። የወር ክፍያው ያነሰው ዓመቱ ስለረዘመ ከሆነ አላተረፋችሁም።

7. ለቀጣዩ መንሸራተት ከአሁኑ ተዘጋጁ

መንሸራተት ይመጣል። ዕቅዱ ዛሬ ይጻፍ፣ ልባችሁ ሳይሸበር። የእኛ ሦስት መስመር ነው። ያልታቀደ ነገር በብድር ከተገዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሌላው ይነገራል። ለቀጣዮቹ ሰባት ቀናት ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከትራንስፖርት ውጪ ምንም አይገዛም። ገጹ ላይ አዲሱ ቁጥር ይጻፋል፣ ቢያምም።

ካርዱንም ሩቅ አድርጉት። ቁጥሩን ከስልክና ከመግዣ አፖች አጥፉ። ወገብ ላይ ታጥቆ ከመዞር ቤት ቢቀመጥ ይሻላል። ባንኩ የብድር ጣሪያውን ዝቅ ካደረገላችሁ አስደርጉ፤ ዕዳው ሲቀንስ ጣሪያውም አብሮ ይውረድ።

ባለፈው ወር የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ተበላሸ። ጥገናው ከመጠባበቂያው ተከፈለ። ያን ማታ አልጋ ላይ ሆኜ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ስልኬ ላይ ጫማ እያየሁ ራሴን አገኘሁት። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና «ስንት ቁጥር ነው?» አለችኝ። ሳቅን። ዘጋሁት። የዚህን ወር ተጨማሪ ክፍያ መጠባበቂያውን ለመሙላት አዋልነው፤ ዕዳው በአንድ ወር ገደማ ተገፋ። አሁን የቀረን 11 ክፍያ ነው።