ፊዚክስ ልትሞሉ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዲፓርትመንት መሙያ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። በቀደም ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ጣና ዳር አግኝታኝ «ጋሼ፣ ፊዚክስ ብሞላ ያዋጣኛል?» አለችኝ። ፍሬሽማን ጨርሳለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን «በዚህ ውጤት ፊዚክስ?» ተብላ ተቆጥተዋታል። ፊዚክስ ተምሬ እስከ ዛሬ በእሱ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ትልቁ ስህተት የምርምር ዩኒቨርሲቲን እንደ ሰፊ ሃይስኩል ማየት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የምርምር ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው። ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስና (በምድር ዙሪያ ያለው ጠፈር) የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው። ለምን እዚህ? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድርን ማግኔት ሰሜንና ደቡብ ብሎ የሚከፍለው መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚያ መስመር ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ከእሱ በላይ ያለው አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) ሲረበሽ የጂፒኤስ ሲግናል ይዛባል። ይህን የሚያጠና የውጭ ተመራማሪ መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ እኛ ሰማይ ይመጣል። እናንተ ከሥሩ እየኖራችሁ ሃንዳውት ሸምድዳችሁ ብትመረቁ ከልብ ያሳዝነኛል።

እኔ የምርምር ክፍል በር ለማንኳኳት ሦስተኛ ዓመት እስክደርስ ፈርቻለሁ። ያ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። የገባሁ ዕለት ያሳዩኝ አንድ የማግኔቶሜትር፣ የምድርን ማግኔት የሚለካ መሣሪያ፣ ግራፍ ነበር። ሌሊቱን ተኝቶ ያደረው መስመር ጠዋት ቀና ማለት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ማታ መልሶ ይተኛል። ያን ጅረት በወረቀት ላይ ሳየው ነበር። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ሂዱ፤ «ዳታ በማጽዳት ላግዝ?» በሉ። ብዙ መምህራን ይህን ጥያቄ ይወዱታል።

ሌላው ስህተት ቀመር መሸምደድ ነው። የአርኪሜደስን ሕግ ከመጻፋችሁ በፊት ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ የደንገል ታንኳ እዩ። የደንገሉ አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር የሞላው። ሰውና ማገዶ ተሸክሞ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ውሃ ላይ ሲሰነብት ግን አየሩ በነበረበት ውሃ ይገባና ይከብዳል። ባለቤቱም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። «ስንት ቀን ቢደርቅ ስንት ኪሎ ጨምሮ ይሸከማል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ፊዚክስ ጀምሯል። ሚዛንና ማስታወሻ ደብተር ይበቃዋል።

«መጨረሻው አስተማሪነት ነው» የሚለውም አለ። ማስተማር ክቡር ሥራ ነው፤ ብቸኛው በር ግን አይደለም። ለካንሰር ታካሚ የሚሰጠውን የጨረር መጠን የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ሲፈለግ ጂኦፊዚክስ፣ የምድር ውስጥ ፊዚክስ፣ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀችው በታኅሣሥ 2012 ነው፤ ከሳተላይት የሚመጣን መረጃ የሚተነትን ሰው ይፈለጋል። እነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ይህን ከወዲሁ እወቁት። ወደዚያ የሚያደርሳችሁም የመምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በሩን አንኳኩ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ፕሮግራሚንግን «የኮምፒውተር ሳይንስ ጉዳይ ነው» ብሎ መተውም ያስከፍላል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ልመዱ፤ ላፕቶፕ ባይኖራችሁ የላቦራቶሪውን ተጠቀሙ።

ሒሳብ በጭራሽ የማትወዱ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ አትሙሉት። እልህ አራት ዓመት አያዘልቅም።

ለልጅቷ በመጨረሻ የቤት ሥራ ሰጠኋት። ቅጹን ሳትሞላ የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ሄዳ አንድ የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ትፈልግና «አሁን የምትሠራውን ፕሮጀክት አሳየኝ» ትበለው። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ ብላኛለች።