ያገለገለ ስልክ ስትሸጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት ስልኳን ሸጠች። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ ብሩንም ቆጥራ ተቀበለች። ማታ አክስታችን ደወለችልኝ። «እህትህ ምን ሆና ነው? 5 ሺህ ብር ቸግሮኛል፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላ በቴሌግራም ጻፈችልኝ እኮ» አለችኝ። እህቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እራት እየበላች ነበር።

ሲሟን አውጥታለች፣ ፎቶዎቿን አጥፍታለች፣ ቴሌግራሙን ግን እንደተከፈተ ነው አሳልፋ የሰጠችው። ሲሙ ሲወጣ ቴሌግራሙም አብሮ የሚዘጋ መስሏት። በአዲሱ ስልኳ ገብታ አሮጌውን ለማስወጣት ሞከርን፤ እምቢ አለ። ለካ ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ ሌሎቹን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። እስከ እኩለ ሌሊት ዘመድ አዝማዱ ጋ አንድ በአንድ እየደወልን «እሷ አይደለችም፣ ብር እንዳትልኩ» ስንል አመሸን።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስልኬን ልሸጥ ነው ሲለኝ ዝም ብዬ አላልፍም። ብዙ ሰው የሚፈራው ብሩን መበላት ነው። እሱም አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን ዛሬ ስልካችን ውስጥ ባንካችን አለ፣ የመታወቂያችን ፎቶ አለ፣ በስማችን ሰው የሚያናግር ቴሌግራም አለ። ገዢው የከፈለው ለቀፎው ነው።

ስህተት 1፦ ሲሙን ካወጣሁ በቂ ነው ማለት

ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ አንዴ ከተከፈቱ ሲም አይፈልጉም። በዋይፋይ ይሠራሉ። ስለዚህ ከቻላችሁ አዲሱን ስልክ አስቀድማችሁ ያዙና ሁለት ሦስት ቀን ሁለቱንም አብራችሁ ተጠቀሙ። ሁሉም ነገር መዛወሩን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ከአሮጌው ላይ አንድ በአንድ ውጡ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ስትከፍቱ አካውንታችሁ በየትኞቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ እንደተከፈተ ይዘረዝርላችኋል፤ እዚያ ዝርዝር ላይ አሮጌው ስልክ እስካለ ድረስ ስልኩን ለማንም አትስጡ።

ዋትስአፕ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ) ካልተደረገለት ስልኩ ፎርማት ሲሆን ጭውውቱ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ከባንክ መተግበሪያዎችና ከቴሌብር ውጡ። ወደ ኢሜይላችሁ ለመግባት ኮድ የሚሰጥ ኦተንቲኬተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን አዛውሩ፤ ይህን የረሳ ሰው የራሱ አካውንት ይዘጋበታል። ሜሞሪ ካርዷም አትረሳ። ከሲሙ ጎን ስለምትቀመጥና ትንሽ ስለሆነች ብዙ ሰው ከነፎቶዋ ነው የሚሸጣት።

ስህተት 2፦ ፎቶ በእጅ እየመረጡ ማጥፋት

ይህ በሁለት በኩል ይጎዳል። ጉግል ፎቶስ ወይም አይክላውድ እየሠራ ከሆነ ከስልኩ ላይ ያጠፋችሁት ፎቶ ከኢንተርኔቱ ማስቀመጫም ሊጠፋ ይችላል። የልጃችሁን የክርስትና ፎቶ ከአሮጌው ስልክ አጠፋሁ ስትሉ ከአዲሱም ላይ ሊጠፋ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ አጠፋሁት ያላችሁት ቶሎ አይጠፋም። አይፎን የጠፉ ፎቶዎችን እስከ 30 ቀን ያስቀምጣል፤ ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረጉትን 60 ቀን በቆሻሻ መጣያው ያቆያል። ገዢው ያንን አንድ ጊዜ ነክቶ ሁሉንም ማየት ይችላል።

አንድ በአንድ አታጥፉ። ባክአፕ አድርጉ፣ ከአካውንቱ ውጡ፣ ከዚያ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጉት፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያደርገዋል። የቅርብ ዓመታት ስልኮች ውስጣቸው ያለው ሁሉ የተመሰጠረ ስለሆነ ሪሴት ሲደረጉ ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ አብሮ ይጠፋል፣ መልሶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። ከአንድሮይድ 6 በፊት የወጣ አሮጌ ስልክ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኢንክሪፕት» አድርጉት፣ ከዚያ ሪሴት።

ስህተት 3፦ አካውንት ሳያወጡ ፎርማት ማድረግ

የማብሪያውንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ፎርማት ማድረግን ሁሉም ሰው ተምሯል። ችግሩ በዚህ መንገድ ፎርማት የተደረገ ስልክ ሲነሳ የድሮውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል። አይፎን ላይ ይህ መቆለፊያ ከ2013፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ አለ፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ። የተሠራው ለሌባ ነው፤ እናንተ ስትረሱት ግን ያልሰረቃችሁትን ስልክ የተሰረቀ ያስመስለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ገዢው ተናዶ ይደውላል፣ እናንተ ትደነግጣላችሁ፣ «በቃ ይኸው ፓስወርዱ» ብላችሁ በስልክ ትነግሩታላችሁ። እንዳታደርጉት። አይፎን ከሆነ የትም ሆናችሁ በአይክላውድ ድረ ገጽ ገብታችሁ ስልኩን ከአካውንታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። አንድሮይድ ከሆነ ሰውየውን አግኙትና ፓስወርዱን በእጃችሁ አስገቡ፣ ከዚያ አካውንቱን እዚያው አውጡት። የሳምሰንግና የሻኦሚ ስልኮች ከጉግል ሌላ የራሳቸው አካውንት ስላላቸው እሱንም ተመልከቱ። ሪሴት ካደረጋችሁ በኋላ ስልኩን አብሩትና ቋንቋ ከሚያስመርጠው ገጽ አልፋችሁ እስከ መጨረሻ ሂዱ። የድሮውን አካውንት ካልጠየቃችሁ ለሽያጭ ደርሷል ማለት ነው።

ስህተት 4፦ ማስታወቂያው ላይ ብዙ ማውራት፣ ጉድለቱ ላይ ዝም ማለት

የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ አይኤምኢአዩ ከነምኑ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። ያ ቁጥር የስልኩ መታወቂያ ነው፤ ሌላ ሰው የራሱን የተሰረቀ ቀፎ ለመሸጥ ሊጠቀምበት ይችላል። የቤታችሁን አድራሻም ተዉት፣ ሰፈር ከጠራችሁ ይበቃል።

ጉድለቱን ግን ንገሩ። ስክሪኑ ተቀይሯል? ባትሪው ደክሟል? በሉት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከላችሁ ስልክ ከሆነ በአንድ ኔትወርክ የተቆለፈ አለመሆኑን በኢትዮጵያ ሲም ሞክሩት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢ-ሲም (ስልኩ ውስጥ በተሠራ፣ በማይወጣ ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። ይህን ሳይሰማ የገዛ ሰው ማታውን ተመልሶ ይመጣል፤ የሚመጣውም ለጠብ ነው።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የገዛችሁበትን ዋጋ አስታውሳችሁ አትተምኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከዚያ በፊት በገዛበት ዋጋ ላይ «ትንሽ ቀንሼ» ብሎ የሸጠ ሰው ስልኩን በነጻ ሰጠ ማለት ይቻላል። ተመሳሳዩ ስልክ ዛሬ በስንት እየተሸጠ እንደሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ።

ስህተት 5፦ «ገብቷል» የሚል ሜሴጅ ማመን

እዚህ ላይ ረጋ በሉልኝ፣ ብዙ ሰው የተበላው እዚህ ጋ ነው።

ጓደኛዬ ሳምሰንጉን በ18 ሺህ ብር ተስማምቶ ካፌ ውስጥ ከገዢው ጋር ተቀመጠ። ሰውየው ስልኩን ነካካና «ላክሁልህ ወንድሜ» አለው። ወዲያው የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። ሂሳብዎ ላይ 18 ሺህ ብር ገቢ ሆኗል ይላል። ስም አለው፣ የግብይት ቁጥር አለው፣ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር የባንክ መልእክት ነው። ስልኩን ሰጠው፤ ተጨባብጠው ተለያዩ። ማታ ቤቱ ሂሳቡን ሲያይ ምንም የለም። ሜሴጁን እንደገና ከፈተው። ከላይ የላኪው ስም ያለበት ቦታ ላይ በ09 የሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር ነበር።

ጽሑፍ ማንም ይጽፋል፣ ስክሪንሹት ማንም ያስተካክላል፤ የላኪውን ስም ራሱ አስመስለው የሚልኩ አሉ። ስለዚህ የገዢውን ስልክ አትዩ፣ የመጣላችሁንም ሜሴጅ አትመኑ። የራሳችሁን የባንክ መተግበሪያ ከፍታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁ መጨመሩን እዩ። ቴሌብር ከሆነ መተግበሪያውን ክፈቱ፣ ኢንተርኔት ከሌለ *127# ደውሉ። ከመገናኘታችሁ በፊት ሂሳባችሁ ስንት እንደነበር አይታችሁ ሂዱ፣ አለበለዚያ መጨመሩን አታውቁም። «ሲስተም ዘግቶ ነው፣ አሁን ይገባል» ካላችሁ ቡና አዝዛችሁ አብራችሁ ጠብቁ። ብሩ እስኪገባ ድረስ ስልኩ እጃችሁ ላይ ይሁን። ብሩን በእውነት የላከ ሰው በዚህ አይከፋም።

«በስህተት ጨምሬ ልኬ ነው፣ ትርፉን መልስልኝ» የሚለውም ያው ነው፤ መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ። «የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» ካለ ደግሞ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። ለመቀበል ኮድ አያስፈልግም።

ጥሬ ብር ከሆነ 18 ሺህ ብር በባለ 200 ኖት 90 ቅጠል ነው። ካፌ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ልባችሁ እየመታ 90 ኖት አንድ በአንድ መመርመር አትችሉም። ስለዚህ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ተገናኙ። ገዢው በመስኮት በኩል ሂሳባችሁ ውስጥ ያስገባ። ገንዘብ ያዡ ይቆጥረዋል፣ ሐሰተኛውን ይለየዋል፣ በዚያ ላይ ካሜራ አለ።

ስህተት 6፦ ስልኩን ከዓይን ማራቅ

«አንድ ባለሙያ እዚህ ጋ አለ፣ ላሳየውና ልምጣ» ካለ አብራችሁ ሂዱ። መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ልየው የሚልም አለ፤ ወርዶ ይየው። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ለውጡ ነው። ገዢው አገላብጦ አይቶ «አልወደድኩትም» ብሎ ይመልሳል፣ የመለሰው ግን ያንኑ የሚመስል የሞተ ቀፎ ነው። ስልኩ ከሰው እጅ ሲመለስላችሁ አብሩት፣ *#06# ደውሉና ቁጥሩ የናንተው መሆኑን እዩ። ሰውየው ከመሄዱ በፊት።

ክፍለ ሀገር ያለ ገዢ «በአውቶቡስ ላክልኝ፣ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» ካለ እምቢ በሉ። እዚህ ያለ ዘመዱን ይላክ።

ስህተት 7፦ ያለ ወረቀት መለያየት

ከማያውቁት ሰው ጋር ውል መጻፍ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የሁለታችሁ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የስልኩ ዓይነት፣ አይኤምኢአይ (ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለቱም)፣ ዋጋ፣ ቀን፣ «ሞክሬ እየሠራ ተረክቤያለሁ» የሚል መስመር፣ ፊርማ። በሁለት ቅጂ። የሚታመን ሰው ካለ ምስክር ይፈርም። ካርቶኑንና የገዛችሁበትን ደረሰኝ ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ለመፈረም የሚያንገራግር ገዢ ካጋጠማችሁ፣ በበኩሌ 1 ሺህ ብር ቀንሼ ለሚፈርመው እሸጣለሁ።

አንድ ጎረቤታችን ስልኩን ከሸጠ ከወራት በኋላ ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለለት። ያ ቀፎ ከአንድ የማጭበርበር ጉዳይ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ቁጥሩ ሲጣራ ደግሞ መጀመሪያ ይሠራ የነበረው በእሱ ሲም ነው። ሚስቱ ስታለቅስ እሱ መሳቢያውን ከፈተና ሁለት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ። ጠዋት ይዞት ሄደ፣ ኮፒውን ሰጠ፣ ቃሉን አስመዘገበ። ከሰዓት ሱቁን ከፍቶ አገኘሁት።