እንግሊዝ ሀገር አሮጌ ሞተር ሂስቶሪክ ስታስደርጉ መጠንቀቅ ያለባችሁ ስህተቶች

እዚህ እንግሊዝ 40 ዓመት ያለፈው ሞተር ሳይክል ሂስቶሪክ (ታሪካዊ ተሽከርካሪ) ተብሎ መመዝገብ ይችላል። ከዛ በኋላ የመንገድ ታክሱ ዜሮ ነው፣ ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊ ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ ይቀርለታል፣ ለንደን ላለን ሰዎች ደግሞ ትልቁ ነገር ዩሌዝ የሚባለው የአየር ብክለት ክፍያ የለበትም። ጓደኞቼ ይሄን ሲሰሙ ወዲያው አሮጌ ሆንዳ ማየት ይጀምራሉ፣ ደስ ይለኛል፣ እኔም የ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሆንዳ አለኝ በጣም ነው የምወደው፣ ግን ወረቀቱም ላይ መንገዱም ላይ ያው ስህተት ሲደጋገም ስለማይ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ ዕድሜው ስለደረሰ በራሱ ጊዜ ሂስቶሪክ ይሆናል ብሎ መቀመጥ። አይሆንም። ቪ5ሲ የሚሉትን ሊብሬ ይዛችሁ፣ የተሽከርካሪ ታክስ የሚሰራ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ የታክስ ክፍሉ ይቀየርልኝ ማለት አለባችሁ፣ ኤምኦቲ የማያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ቪ112 የሚባለውን ፎርም ሞልታችሁ ትፈርማላችሁ። ዜሮ ነው ማለትም አይታደስም ማለት አይደለም፣ እንደኛ ሀገር ቦሎ በየዓመቱ ታሳድሱታላችሁ፣ የምትከፍሉት ነገር ነው የሌለው። ይሄን የረሳ ሰው ታክስ የሌለው ሞተር ሲነዳ እንደተያዘ ነው የሚቆጠረው።

ቀኑንም ብዙ ሰው ያምታታል። ለታክሱ የሚታየው የተሰራበት ዓመት ነው፣ 40 ከሞላው በኋላ የሚመጣው ኤፕሪል 1 ላይ ነው ነፃ የሚሆነው፣ ለምሳሌ 1983 ውስጥ የተሰራ ሞተር ታክስ የቀረለት ከኤፕሪል 1 2024 ጀምሮ ነው። ኤምኦቲ ግን የራሱ ቆጠራ አለው፣ ከተሰራበት ወይም መጀመሪያ ከተመዘገበበት ቀን 40 ዓመት ሲያልፍ ነው እንጂ ኤፕሪልን አይጠብቅም። ስለዚህ ኤምኦቲ ቀርቶለት ታክስ ገና የሚከፈልበት ሞተር ሊኖር ይችላል።

ሊብሬ የሌለው ሞተር መግዛት፣ ይሄ እኔን አቃጥሎኛል። የመጀመሪያዬን ስገዛ ሰውዬው ሊብሬው ጠፍቶብኝ ነው፣ ቪ62 ሞልተህ በ25 ፓውንድ ታወጣዋለህ አለኝ፣ እውነትም ፎርሙም አለ ክፍያውም 25 ነው፣ አምኜው ከፈልኩ። እቤት ወስጄ የመሪው አንገት ላይ ያለውን ወፍራም ጥቁር ቀለም ቀስ ብዬ በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው የሻንሲ ቁጥሩ ብቅ አለ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተሞርደው እንደገና የተመቱ ናቸው፣ ከሌሎቹ ዝቅ ብለው ተጣመው ይታያሉ። ያን ሞተር ላስመዘግበው አልቻልኩም፣ ብሬም ቀረ። እናንተ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባትሪ አብርታችሁ የሻንሲውንም የሞተሩንም ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ሊብሬው ራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ ስላልሆነ የሽያጭ ደረሰኝም አስፈርሙ። ከጣሊያን ቬስፓ ለማምጣት የምታስቡ ደግሞ በገባ በ14 ቀን ውስጥ ኖቫ በሚባለው በኩል ለታክስ መስሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለባችሁ፣ የተሰራበትን ዓመት የሚያረጋግጥ ወረቀትም ያስፈልጋል፣ ለዚህ እንደ ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ ያሉት ይረዳሉ።

ዴሊቨሪ የምትሰሩ ልጆች ይሄን ልብ በሉት፣ ሞተሩ ለንግድ የሚሰራ ከሆነ የሂስቶሪክ ታክስ ነፃነቱ አይመለከተውም። ኢንሹራንሱም ያው ነው፣ የክላሲክ ሞተር ኢንሹራንስ ርካሽ የሆነው አልፎ አልፎ ስለምትነዱት ነው፣ ምግብ ስታደርሱበት አይሸፍናችሁም። የኤምኦቲው ነፃነትም ባለፉት 30 ዓመታት ትልቅ ለውጥ ካልተደረገበት ብቻ ነው። ወንበርና መሪ መቀየር ችግር የለውም፣ ሻንሲ ከተቀየረ ወይም ሌላ ዓይነት ሞተር ከተገጠመበት ግን በደንብ አጣሩ። ጥቁር ታርጋ በብርማ ፊደል ያማረው ሁሉ ደግሞ ሞተሩ ከ1980 በፊት የተሰራና ሂስቶሪክ የተመዘገበ ካልሆነ አይቻልም፣ በቃ።

አሁን ዋናው። ኤምኦቲ ቀረ ማለት ምርመራ ቀረ ብሎ ማሰብ። ሕጉ ያነሳላችሁ ወረቀቱን ነው፣ ሞተሩ ለመንገድ ብቁ የመሆን ግዴታው እንዳለ ነው፣ አደገኛ ሁኔታ ላይ ያለ ሞተር ስትነዱ ከተያዛችሁ እስከ 2,500 ፓውንድ ቅጣትና መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ 3 የቅጣት ነጥብ አለ። ጎማውን ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትመኑት፣ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዝናብ ላይ ይጥላችኋል። የፍሬን ሸራውን አስፈትታችሁ እዩት፣ ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ላይ የተጣበቀበት ሙጫ ይለቃል። እኔ ግዴታ ባይሆንብኝም በየዓመቱ ኤምኦቲ አስገባዋለሁ፣ ለሞተር 30 ፓውንድ እንኳን አይሞላም፣ ሌላ ሰው አይቶት የሚያገኘው ነገር አይጠፋም።

ቤንዚኑም አለ። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን ኢ10 ነው፣ እስከ 10 ፐርሰንት ኢታኖል አለው፣ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ የጎማ ቱቦ ይበላል። የጓደኛዬ ሞተር አንድ ክረምት ኢ10 ሰርባቶዮው ውስጥ እንዳለ ቆሞ በጋ ላይ ስንከፍተው ወደ ካርቡሬተር የሚሄደው ቱቦ በጣት ሲነካ እንደ ማስቲካ ይለጠጥ ነበር፣ ከስሩም ጠብ ጠብ ይላል፣ እዛው ጋ ደግሞ ሲነዳ የሚግለው ሞተር አለ። ሱፐር የሚባለውን ኢ5 ቅዱ፣ ቱቦዎቹንም ኢታኖል በሚችል ቀይሯቸው፣ ጥቂት ፓውንድ ነው።

መጨረሻ ላይ፣ የለመዳችሁት ዓይነት ሞተር መስሏችሁ ዘላችሁ አትውጡበት። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሰሩ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ማርሹ ቀኝ እግር ላይ፣ ፍሬኑ ግራ እግር ላይ ነው፣ ሆንዳ ለለመደ ሰው ተገላቢጦሽ ማለት ነው። የጓደኛዬን የ60ዎቹ ሞተር ስሞክር ቀይ መብራት በርቶብኝ ፍሬን የያዝኩ መስሎኝ ቀኝ እግሬን ረገጥኩ፣ ማርሽ ነው የቀየርኩት፣ ሞተሩ አልቆመም፣ የፊት ፍሬኑን በእጄ ጨምቄ የእግረኛ መሻገሪያው መስመር ላይ ስቆም አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ሁለት እርምጃ ፊቴ ላይ ነበሩ። ከዛ ቀን በኋላ አዲስ የያዝኩትን ሞተር ሁሉ እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ሰዓት ሳልለማመድበት መንገድ አላወጣውም።