ያለ ኬብል ቴሌቪዥን ማየት፦ አንቴና መርጦ፣ ሰቅሎ፣ ቻናል እስከ መፈለግ

አክስቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የምታየው የማታ ዜናና አንዳንድ የምግብ ዝግጅት ነው፤ ለዚህችው በየወሩ ከመቶ ዶላር በላይ ስትከፍል ኖራለች። አንድ ቀን ቢሉን ዘርግተን መስመር በመስመር ስናነበው ከዋናው ዋጋ ሌላ «የብሮድካስት ቲቪ ክፍያ» የሚል አገኘን። የኬብል ድርጅቶች እንደ ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤቢሲና ፎክስ ያሉትን የአካባቢ ጣቢያዎች ለማስተላለፍ የሚያወጡትን ገንዘብ ከደንበኛው የሚያስመልሱት በዚህ ስም ነው። እነዚሁ ጣቢያዎች ግን ቤቷ ድረስ በአየር በነጻ ይመጣሉ። አሜሪካ ላለን ወገኖች ይህን በዝርዝር የምጽፈው ብዙ እናትና አባቶቻችን በነጻ ለሚገኝ ነገር ሲከፍሉ ስለማይ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚያየውን ይጻፉ። በአንቴና የሚገኙት የአካባቢ ጣቢያዎች ናቸው፦ ዜና፣ የአሜሪካ ፉትቦል፣ የሕዝብ ቴሌቪዥን የሆነው የፒቢኤስ ዝግጅቶች፣ በውድድር ዘመኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ብዙ ጊዜ በኤንቢሲ አንድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ። ሲኤንኤንና ኢኤስፒኤን በአንቴና አይመጡም። ያለ እነሱ የማይሆንለት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከአሁኑ ይነጋገሩበት።

ቀጥሎ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ብሎን የመሰለች ክብ የአንቴና መሰኪያ መኖሯን ይመልከቱ። ከ2007 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ቴሌቪዥኖች ዲጂታል መቀበያ በውስጣቸው አላቸው። የአናሎግ ስርጭት ሰኔ 2009 ስለቆመ፣ ከዚያ በፊት የተገዛ ወፍራም ቴሌቪዥን ከሆነ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ሳጥን ሊያስፈልገው ይችላል።

አንቴና ከመግዛትዎ በፊት የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የዲጂታል ቴሌቪዥን ካርታ ከፍተው አድራሻዎን ያስገቡ። በአካባቢዎ ያሉት ጣቢያዎች በቀለም ተለይተው ይወጣሉ፤ አረንጓዴው ጠንካራ ነው፣ ቀዩ አይደርስም። የጣቢያውን ስም ሲጫኑ እውነተኛ የስርጭት ቁጥሩ ይታያል። ይህን ቁጥር ሳያዩ አንቴና አይግዙ፤ እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቻናል ቁጥርና ጣቢያው በእርግጥ የሚያሰራጭበት ቁጥር አንድ ላይሆን ይችላል። ከ2 እስከ 13 ያለው ቪኤችኤፍ፣ ከ14 እስከ 36 ያለው ዩኤችኤፍ ይባላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቻናል 4 በዩኤችኤፍ ሲያሰራጭ፣ ቻናል 7 እና 9 ግን ዛሬም በቪኤችኤፍ ላይ ናቸው። የቪኤችኤፍ ሞገድ ረጅም ስለሆነ ረዘም ያለ አንቴና ይፈልጋል። ለአክስቴ የገዛነው እንደ ወረቀት ስስ የሆነ፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ነበር፤ 4 እና 5 ጥርት ብለው ሲገቡ 7 እና 9 እየተቆራረጡ አስቸገሩን። ሁለት የሚሳቡ ዘንጎች ባሉት ቀየርነው፤ ሁለቱም ገቡ። ዋጋው ከሠላሳ ዶላር አይበልጥም ነበር። ካርቶኑ ላይ «200 ማይል ይስባል» የሚል ካዩ አይመኑት፤ ምድር ክብ ስለሆነች ከ60 ወይም 70 ማይል በላይ ያለ የጣቢያ ማሰራጫ ማማ ብዙውን ጊዜ ከአድማስ በታች ነው።

አገር ቤት በልጅነታችን አንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ሲያዞር ሌላው ከውስጥ «መጣ! ተወው! ኧረ ሄደ!» እያለ ይጮህ ነበር። ዛሬም ሥራው ያው ነው። ልዩነቱ፣ ዲጂታል ምስል በረዶ አይጥልም፤ ወይ ጥርት ይላል ወይ በአራት ማዕዘን እየተቆራረጠ ይጠፋል። ስለዚህ አንቴናውን በግድግዳው ላይ በጊዜያዊ ማጣበቂያ ብቻ ይያዙና ይሞክሩ። ከፍ ያለ ቦታና ወደ ማማዎቹ የሚያይ መስኮት ይሻላል፤ ዲሲ አካባቢ ብዙዎቹ ማማዎች በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ቴንሊታውን አካባቢ ናቸው። ብረት፣ ፎይል ያለው ግድግዳና ሙቀት የሚመልስ ሽፋን ያለው መስታወት ሞገዱን ይገታሉ። ማማው ቅርብ ከሆነ የሞገድ ማጉያ መሣሪያ አይጨምሩ፤ መቀበያውን አጨናንቆ ጭራሽ ያበላሻል።

ተከራይ ከሆኑም አይፍሩ። ከ1996 ጀምሮ ባለው የኤፍሲሲ ደንብ መሠረት አከራይ ወይም የኮንዶሚኒየም ማኅበር ለብቻዎ በሚጠቀሙበት በረንዳ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና እንዳያስቀምጡ ሊከለክልዎ አይችልም፤ የደህንነት ምክንያት ካለ ነው እንጂ። የጋራ ጣሪያ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም።

ገመዱን ካሰሩ በኋላ በሪሞቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የቻናል ፍለጋውን ያስጀምሩ። «ኬብል» ወይስ «አንቴና» ብሎ ሲጠይቅ «አንቴና» ይበሉ፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን «ኤር» ይለዋል። አንቴናውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ፍለጋውን ይድገሙት።

ኢንተርኔት ካለዎት ቱቢ፣ ፕሉቶ ቲቪና የፒቢኤስ መተግበሪያ በነጻ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመሃል ማስታወቂያ ያሳያሉ። ለልጆች የፒቢኤስ ኪድስ መተግበሪያ አለ። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም በአባልነት ካርድ ብቻ ካኖፒ ወይም ሁፕላ ላይ ፊልም ያሳያሉ። ለአማርኛው ኢቢኤስ፣ ፋናና ኢቢሲ ዝግጅቶቻቸውን ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፤ አክስቴ ቅዳሜና እሁድ የምትውለው እዚያ ነው።

«አንዴ ከፍለው ሁሉንም ቻናል ለዘላለም ይዩ» እየተባለ ከሚሸጥ ሳጥን ግን ይራቁ። ስርጭቱ የተሰረቀ ነው፤ ኤፍቢአይም በሰኔ 2025 ከእንዲህ ያሉ ርካሽ ሳጥኖች ብዙዎቹ የቤት ኢንተርኔትን ለወንጀለኞች የሚያጋልጥ ፕሮግራም ተጭኖባቸው እንደሚመጡ አስጠንቅቋል።

ኬብሉን የሚያቋርጡት ይህ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ከተሞከረ በኋላ ይሁን። ሲደውሉ የኢንተርኔቱ ዋጋ ለብቻው ስንት እንደሚሆን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ኬብሉና ኢንተርኔቱ አብረው የተሸጡበት ጥቅል ሲፈርስ ሊጨምር ይችላል። ሳጥኑንና ሪሞቱን ራስዎ ወስደው ያስረክቡ፤ የመጨረሻው ቢል እስኪዘጋም ደረሰኙን አይጣሉት።