አፈሩ ግራጫ ነው፣ ውሃው ግን የለም፦ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ የረግረግ አፈርን ለሚያነብ ሰው

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ሰው መንገድ ላይ የሐረማያን ሐይቅ ወይም ሐይቁ የነበረበትን ሜዳ ያያል። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደርቆ ነበር፤ ለመስኖና ለከተማ መጠጥ የተሳበው ውሃና ከየኮረብታው ታጥቦ የገባው ደለል ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው በከፊል ተመልሷል። በዳርቻው ጫት የሚተክል፣ ድንች የሚያለማ ወይም ቤት ሊሠራ መሠረት የሚቆፍር ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር ወይ፣ አሁንስ ከሥር አለ ወይ? መልሱ በአብዛኛው በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ይገኛል፣ ይሁን እንጂ የሚያሳስቱ ምልክቶች ስላሉ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ ችግሮቹን አንድ በአንድ ይመለከታል።

አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የአፈር ቀዳዳዎች በውሃ ሲሞሉ አየሩ ይወጣል፤ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ የተወሰደው ቶሎ አይተካም። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የበሰበሰ ቅጠልና ሥር እየተመገቡ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ፣ ከዚያም በኦክስጅን ፋንታ ለመጠቀም በቅደም ተከተል ወደ ናይትሬት፣ ወደ ማንጋኒዝ፣ ወደ ብረት፣ በመጨረሻም ወደ ሰልፌት ይሸጋገራሉ። ለአፈር ቀይና ቢጫ መልክ የሚሰጠው የዛገ ብረት በዚህ ሂደት ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይንቀሳቀሳል፣ የአፈሩ ቅንጣቶችም እንደታጠበ ሳህን ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። በሥር ቦይ ወይም በስንጥቅ በኩል አየር በገባበት ቦታ ደግሞ ብረቱ ተመልሶ እንደ ዝገት ይቀመጣል። ስለዚህ ግራጫና ዝገት ጎን ለጎን ሲታዩ ውሃው ወጣ ገባ ይል እንደነበር ያመለክታሉ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ውሃው የቆመ፣ ለተሕዋስያኑ የሚበላ ነገር ያለበትና ሙቀቱም የሚበቃቸው መሆን አለበት፤ ፈጥኖ የሚያልፍ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ይህን ምልክት አይተውም።

ምልክት፦ ጠዋት ሲቆፈር ሰማያዊ ግራጫ የነበረው አፈር ከሰዓት በኋላ ቡናማ ሆኖ ተገኘ።

መንስኤው አየር ነው። ሟሙቶ የነበረው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። መፍትሔው መልኩን ወዲያው መመዝገብ ነው፤ የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ፍቆ፣ እርጥብ ጓል ሰብሮ፣ ፀሐይን ወደ ኋላ አድርጎ ውስጡን ማየት ይበቃል። የአፈርን መልክ በቁጥር ለመለየት የሚያገለግለው የመንሰል የቀለም መጽሐፍ ያለው ሰው የቀለሙ ጥራት (ክሮማ፤ ቁጥሩ ሲያንስ መልኩ ወደ ግራጫ ይቀርባል) 2 ወይም ከዚያ በታች መሆኑንና ይህም ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መጀመሩን ይመልከት። እኔ ራሴ ይህን ንቄ የጠዋቱን ጉድጓድ በማግስቱ ካነበብሁ በኋላ ማስታወሻዬን ጥዬ እንደገና ለመቆፈር ተገድጃለሁ። ለውጡ ግን በራሱ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ አፈሩ ዓይናችን እያየ ቢዝግ አየር አልባው ሁኔታ የአሁን እንጂ የድሮ አይደለም ማለት ነው።

ምልክት፦ አፈሩ ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ አለው፤ ቦታው ግን ለዓመታት ደረቅ ነው።

በሐረማያ ዙሪያ ትልቁ ችግር ይህ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ ታጥቦ ከሄደ በኋላ የቀረው ግራጫ አፈር ውሃው ቢሸሽም ተመልሶ ቀይ አይሆንም፣ የሚዝግ ነገር አልቀረለትምና። እንዲህ ያለው መልክ ለብዙ ዘመን ሊቆይ ስለሚችል «ግራጫ ነው፣ ስለዚህ ውሃ አለ» ብሎ መደምደም አይቻልም። በአንጻሩም «ውሃ ሲቆምበት አላየንም» የሚል የጎረቤት ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፣ ሰው የሚያስታውሰው የላዩን ውሃ እንጂ የሥሩን አይደለምና።

የድሮውን ከአሁኑ ለመለየት መጀመሪያ የዝገቱን ጠርዝ እንመርምር። ነጠብጣቡ እንደ ቀለም በውሃ እንደተበተነ ቀስ እያለ ወደ ግራጫው የሚደበዝዝ ከሆነ ሂደቱ አሁንም እየተካሄደ እንደሆነ ይገመታል፤ ጠርዙ በመቀስ እንደተቆረጠ የተሳለ ወይም እንደ ጠጠር ጠንክሮ የሚወጣ እንክብል ከሆነ ግን የቀድሞ ዘመን ቅሪት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀጥሎ ሥሮችን እንይ። በሕይወት ባለ ሥር ዙሪያ ቀይ ቡናማ ሽፋን ከተገኘ ሥሩ ከበቀለ ወዲህ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ነበር ማለት ነው፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቀን የያዘ ምስክር ጉድጓድ ውስጥ አይገኝም።

ይህም ካልለየለት በየግንባታ ዕቃ መሸጫው በሚገኝ ፌሮ መሞከር ይቻላል። ለስላሳውንና ቀጭኑን ፌሮ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሽቶ፣ አንድ ሜትር ያህል ወደ መሬት ሰክቶ፣ ከክረምቱ መግቢያ እስከ መስከረም መተው ነው። ሲወጣ ኦክስጅን በነበረበት ጥልቀት በቡናማ ዝገት ይሸፈናል፤ አየር ባጣበት ጥልቀት ደግሞ ዝገት ሳይዘው ይቀራል ወይም ይጠቁራል። በአጠገቡ ዙሪያው የተበሳ የፕላስቲክ ቧንቧ ቀብሮ የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ በክር መለካት ንባቡን ያጠናክራል። ሐይቁ በተመለሰባቸው ዳርቻዎች ላይ ይህ ሙከራ የግድ ነው እላለሁ፣ አሮጌው ምልክትና አዲሱ ውሃ በአንድ ቦታ ተደራርበዋልና።

ምልክት፦ አፈሩ ድፍን ጥቁር ነው።

ጥቁረት ሁሉ የረግረግ ምልክት አይደለም። የአካባቢው ገበሬዎች ኮቲቻ፣ ሌላው አገር ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው አፈር የሚጠቁረው ጥቂት የበሰበሰ ነገር ከሸክላው ጋር በጥብቅ ስለተጣበቀ ነው። በበጋ በሰፊው ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ጓሉም ሲሰበር እርስ በርሱ ተፋትጎ የሚያብረቀርቅ ገጽ ያሳያል። የረግረግ ጥቁር አፈር ግን ብዙ የተክል ቅሪት ስለያዘ በጣት ሲታሽ እንደ ቅባት ይለሰልሳል፣ ሲደርቅም ቀላል ነው። በሁለቱ መካከል የተቸገረ ሰው ከጥቁሩ ንብብር በታች ወዳለው አፈር ይውረድ፤ ፍርዱ ያለው እዚያ ያለው ግራጫና ዝገት ላይ ነው።

ምልክት፦ ቦታው በየክረምቱ ውሃ ይቆምበታል፣ ግራጫ ግን አይታይም።

በሐረር ዙሪያ ሁለት መንስኤዎች ቶሎ ሊጠረጠሩ ይገባል። አንደኛው ከቀይ አሸዋ ድንጋይ የተገኘ አፈር ነው፤ ብረቱ ብዙ ስለሆነ ጥቂቱ ቢሟሟም ቀዩ መልክ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ከኖራ ድንጋይ የተገኘ አፈር ነው፤ ኖራው አሲዳማነትን ስለሚያጠፋ ብረት በቀላሉ አይሟሟም። በጓሉ ላይ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ ኖራ እንዳለ ይታወቃል። በሁለቱም አፈሮች መልኩን ትቶ ወደ ፌሮውና ወደ ቧንቧው መሄድ ይሻላል።

ምልክት፦ ውሃው ላይ ዘይት የፈሰሰ ይመስላል፣ ወይም ጉድጓዱ የገማ እንቁላል ይሸታል።

ሽፋኑን በእንጨት መንካት ነው። እንደ ስስ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ ብረት ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው፤ ወዲያው ተመልሶ ከተገናኘ ግን እውነተኛ ዘይት ነው። ሽታው ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ መለወጡን ስለሚናገር አየር ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው።

ምልክት፦ በድሬዳዋ አሸዋማ ወንዝ ዳር በአሸዋና በጠጠር መካከል ግራጫ ጭቃ ተገኘ።

ይህ ብዙውን ጊዜ የረግረግ ሳይሆን የጎርፍ ደብተር ነው። የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ከርሞ ሲሞላ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደታየው አጥፊ ሆኖ ይመጣል፤ ጠጠሩንና አሸዋውን አስቀድሞ፣ ውሃው ሲረጋ ደግሞ ጭቃውን ያስቀምጣል። ከላይ ታጥቦ የመጣ አፈር መልኩን ይዞ ስለሚመጣ ግራጫው የተፈጠረው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ለመለየት የዝገቱን መሥመር በዓይን መከተል ነው። ዝገቱ የሥር ቦይን ይዞ ከአንዱ ንብብር ወደ ሌላው ካለፈ እዚያው የተፈጠረ ነው፤ በንብብሩ ድንበር ላይ በድንገት ከቆመ ወይም በተሰባበረ ጓል ውስጥ ብቻ ከታየ ግን ከደጋው በጎርፍ ወርዶ የመጣ ነውና ስለ ድሬዳዋ ውሃ ሳይሆን ስለ ተነሣበት ቦታ ውሃ ይናገራል።