የፓራታይሮይድ ዕጢ ቀዶ ሕክምና፦ ከዝግጅት እስከ ማገገም

አንገት ውስጥ፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ቢያክሉ ነው። ከእንቅርት ጋር የሚያገናኛቸው ጉርብትና ብቻ ነው፤ ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መቆጣጠር ነው። ከአራቱ አንዱ፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ፣ አድጎ ሆርሞኑን ያለ ልክ ሲያመነጭ ካልሲየም ከአጥንት እየወጣ ደም ውስጥ ይከማቻል። አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊት ጠጠር ይሠራል፣ ሰውየው ይደክመዋል፣ ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ሆዱ ይደርቃል። በሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋው ያደገውን ዕጢ ማውጣት ነው።

አብዛኛው ታካሚ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካልሲየም ግን እጅግ ዝቅ የሚለው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ታካሚው ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚያድረው ሰውም ሊያውቀው ይገባል።

1. ምርመራው መሟላቱን ያረጋግጡ

ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከአንድ ጊዜ በተቀዳ ደም አብረው መለካት አለባቸው። የካልሲየም ጤናማ መጠን በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ካልሲየም ከፍ ሲል ጤነኛ ዕጢ ሆርሞኑን ዝቅ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሆርሞኑ «ኖርማል» ከሆነ ውጤቱ ኖርማል አይደለም፤ ዕጢው አልታዘዝ ብሏል ማለት ነው።

የ24 ሰዓት ሽንት ምርመራም አይዘለል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ይድፉና ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የማግስቱን የጠዋት ሽንት ጨምረው፣ በተሰጠዎት ዕቃ ያጠራቅሙ። አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከሸኑ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይታይና ሐኪሙን ያሳስታል። ይህ ምርመራ ያስፈለገው በዘር የሚተላለፍ፣ ካልሲየምን ከፍ የሚያደርግ፣ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና የማይድን ሌላ ችግር ስላለ ነው፤ በዚያ ችግር በሽንት የሚወጣው ካልሲየም አነስተኛ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ለአእምሮ ሕመም ሊቲየም የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሁለቱም ካልሲየምን ከፍ ያደርጋሉ።

አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚነሳው የሴስታሚቢ ምስል ዕጢው የት እንዳለ ለመጠቆም እንጂ በሽታው መኖር አለመኖሩን ለመወሰን አይደሉም። ምስሉ ላይ ምንም ስላልታየ ብቻ «ደኅና ነዎት» ከተባሉ ሌላ ሐኪም ያማክሩ። ዕጢው ደረት ውስጥ ሊደበቅም ይችላል፦ አሜሪካዊው የመርከብ ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል ስድስት ጊዜ ተቀዶ ሳይገኝለት ቆይቶ፣ በሰባተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ደረቱ ውስጥ ተገኘ። ቀዶ ሐኪሙን «በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ልምድ ያለው እጅ ከየትኛውም ምስል ይበልጣል።

2. ሳምንታት ሲቀሩት

ቫይታሚን ዲ ያስለኩ። በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ በሚውሉ፣ ለምሳሌ በዓረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት በሚኖሩ እህቶቻችን ላይ፣ ደግሞ ይብሳል። ሳይስተካከል ከተገባ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ካልሲየም የበለጠ ይወርዳል። ብዙ ሐኪሞች ከ30 ናኖግራም በሚሊሊትር በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። መጠኑን ሐኪም ይዘዝልዎት፤ ካልሲየምዎን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል በመሃል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

ካልሲየሜ በዝቷል ብለው ወተትና ጎመን አይተዉ፤ የበዛው ከአጥንት የወጣ እንጂ ከምግብ የመጣ አይደለም። ውኃ በደንብ ይጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ አያቁም፣ በራሱ ፈቃድም አይቀጥል፤ ዋርፋሪን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን በፊት የሚቆመው በሐኪም ትእዛዝ ነው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጡ ቫይታሚኖች ውስጥ ያለው ባዮቲን የሆርሞኑን ልኬት ስለሚያዛባ ከደም ምርመራ ቢያንስ 3 ቀን በፊት ያቁሙት። ድምፅዎ ከዚህ ቀደም ሻክሮ ከነበረ ወይም አንገትዎ ተቀዶ የሚያውቅ ከሆነ የድምፅ አውታርዎ አስቀድሞ ይታይ።

የካልሲየም ክኒኑን ከወዲሁ ገዝተው ቤት ያስቀምጡ። ማሸጊያውን በደንብ ያንብቡ፦ 1250 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሐኪሙ «500» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁ።

3. የቀዶ ሕክምናው ዕለት

ከባድ ምግብ ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር 8 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ማቆም የተለመደ ነው፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ መመሪያ ከሰጠዎት የእሱን ይከተሉ። ወተት የገባበት ቡና እንደ ምግብ ይቆጠራል። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ልብስ ይልበሱ። አንገት ላይ ያለ ሐብል ይውለቅ፤ ማተብ ያሰረ ሰው በዚያ ቀን እጁ ላይ ሊያስረው ይችላል። አስቀድመው ካልተናገሩ በጥድፊያ ተቆርጦ ሊያዝኑ ይችላሉ።

መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል፣ ዕጢው ከወጣ 10 ደቂቃ በኋላ ደም ተወስዶ ሆርሞኑ ከግማሽ በላይ መውረዱ ይታያል። ይህ የሚቻለው ሆርሞኑ ከደም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ ነው። መሣሪያው በሌለበት ሐኪሙ አራቱንም ዕጢዎች አንድ በአንድ ያያል።

4. የመጀመሪያው ሌሊት

ለማደንዘዣ በገባው ቱቦ ምክንያት ጉሮሮ ያማል፣ ድምፅም ጥቂት ቀን ሊሻክር ይችላል። ጭንቅላትዎን በሁለት ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ። አንገት በፍጥነት ካበጠ፣ ከተወጠረ፣ ወይም መተንፈስና መዋጥ ካስቸገረ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

5. ካልሲየም ሲወርድ

ለዓመታት ያለ ሥራ የተቀመጡት ጤነኛ ዕጢዎች ወዲያው አይነቁም፤ የተራበው አጥንት ደግሞ ካልሲየሙን ከደም ይስባል። በከንፈር ዙሪያና በጣት ጫፎች ውርር ማለት የመጀመሪያው ምልክት ነው። ብዙ ሐኪሞች ለ1 ወይም 2 ሳምንት ካልሲየም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ እንዲወሰድና ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ያዛሉ። ካርቦኔቱ ከምግብ ጋር ይወሰድ፤ ያለ ጨጓራ አሲድ በደንብ አይሟሟም። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው የካልሲየም ሲትሬት ይታዘዝለት።

ውርር ካለዎት ከታዘዘው በላይ 1000 ሚሊግራም ካልሲየም መውሰድና ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ምክር ነው። ካልቀለለ ይድገሙትና ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። እጅ ከተኮማተረና ጣቶች አልዘረጋ ካሉ፣ ልብ ከተዛባ ወይም የሚጥል ነገር ከመጣ ክኒን አይበቃም፤ ካልሲየም በደም ሥር ያስፈልጋል። ካልሲየም እየተሰጠ አልነሳ ካለ ማግኒዥየም ይለካ፤ እሱ ዝቅ ካለ ካልሲየም አይስተካከልም። አጥንታቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎችና በኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ለዚህ የበለጠ ስለሚጋለጡ ሆስፒታል ሊቆዩ ይችላሉ።

የታይሮይድ ክኒን ከካልሲየም በ4 ሰዓት፣ የብረት ክኒን ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራራቅ፤ አለበለዚያ ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገቡ ያግዳቸዋል።

ጾም ወይም ረመዳን ላይ ከዋለ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን አስቀድመው ያናግሩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ክኒን ለመውሰድ ሰዓት መጠበቅ አደገኛ ነው።

6. ቁስሉና ሥራ

ለሕመም ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከ1 ወይም 2 ቀን በኋላ መታጠብ ይቻላል፤ ቁስሉን መዘፍዘፍና መፈግፈግ ግን አይገባም። ለ2 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አያንሱ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሌላ ሰው ይሸከም። መኪና የሚነዱት አንገትዎን ያለ ሕመም ማዞር ሲችሉ ነው። ጠባሳውን ለወራት ከፀሐይ ይከላከሉ። ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የሚወጣብዎት ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይናገሩ፤ እብጠቱ እንደጀመረ በመርፌ ማከም ካደገ በኋላ ከማከም ይቀላል።

7. ክትትል

ካልሲየምና ሆርሞን በ1 ወይም 2 ሳምንት ውስጥ ይለካሉ። ካልሲየሙ ተስተካክሎ ሆርሞኑ ለወራት ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቫይታሚን ዲ እጥረት ወይም አጥንት ገና እየተጠገነ መሆኑ ነው። «ድኗል» የሚባለው ካልሲየም ከ6 ወር በኋላም ጤናማ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ካልሲየም፣ ከ1 ወይም 2 ዓመት በኋላ ደግሞ የአጥንት ጥግግት ይለካል። በሽታው በወጣትነት ከጀመረ ወይም ሌላ የቤተሰብ አባል ካለበት እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህትና ልጆችም ካልሲየማቸውን ያስለኩ።